97 በመቶ ተወገደ የተባለው ክሮሚየም የት ሄደ? ከበቆሎ ቆረቆንዳ ስለተሠራ አድሶርበንት (በካይን ገጹ ላይ የሚለጥፍ ቁስ)

ተማሪዋ (ክሩን የከፈተች)

የተከበራችሁ የመድረኩ አባላት፣

ለሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ ጥናቴ ከበቆሎ ቆረቆንዳ አክቲቬትድ ካርቦን (እጅግ ብዙ ጥቃቅን ቀዳዳ ያለው ከሰል) ሠርቼ፣ ከክሮም ቅብ ሥራ በሚወጣ ፍሳሽ ውስጥ የሚገኘውን ክሮሚየም ስድስት (መርዛማውን የክሮሚየም ዓይነት) ከውሃ ለማስወገድ እየሞከርኩ ነው። ቆረቆንዳውን አጥቤ፣ አድርቄና ፈጭቼ በወንፊት ከነፋሁት በኋላ በፎስፎሪክ አሲድ ውስጥ አንድ ሌሊት ዘፍዝፌ፣ በ450 ዲግሪ ሴልሺየስ ለአንድ ሰዓት በእቶን ውስጥ አቆየሁት። ከዚያም የማጠቢያው ውሃ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) ገለልተኛ እስኪሆን ድረስ በሙቅ ዲስቲልድ ውሃ ደጋግሜ አጠብኩት።

በሊትር 50 ሚሊግራም ክሮሚየም ስድስት ያለበት 100 ሚሊሊትር የዳይክሮሜት መፍትሔ ወስጄ፣ ፒኤቹን 2 ላይ አድርጌ፣ 0.5 ግራም ካርቦን ጨምሬ ለሁለት ሰዓት ሳንቀጠቅጠው ቢጫው ቀለም ሙሉ በሙሉ ጠፋ። የቀረውን በዲፌኒልካርባዛይድ ሐምራዊ አድርጌ በ540 ናኖሜትር ስለካው 1.5 ሚሊግራም በሊትር ብቻ ሆኖ አገኘሁት፤ ይህም 97 በመቶ ተወግዷል ማለት ነው። ፒኤቹ 7 ሲሆን ግን ከ20 በመቶ በላይ አልሄደልኝም። የኪኔቲክስ (የሒደቱ ፍጥነት) ውጤቴም በሁለተኛ ደረጃ አምሳያ ላይ 0.999 የሚሆን የአር ስኩዌር (ቀመሩ ከመረጃው ጋር የመግጠሙ መለኪያ፤ ፍጹሙ 1 ነው) ዋጋ ሰጥቶኛል።

የምጠይቃችሁ ሁለት ነገር ነው። ፒኤች 2 ላይ ብቻ ይህን ያህል የሚሠራበት ምክንያት ምንድን ነው? ውጤቱን በእውነተኛ ፍሳሽ ላይ ለመድገም ከመነሳቴ በፊትስ ማረጋገጥ ያለብኝ ምንድን ነው?

የኬሚስትሪ መምህር

ሥራውን በዝርዝር ስላስቀመጡልን አመሰግናለሁ፤ የአሠራሩ ቅደም ተከተል ባይጻፍ ኖሮ ለመርዳት አስቸጋሪ ይሆን ነበር።

ከፒኤች እንነሳ። ክሮሚየም ስድስት በውሃ ውስጥ እንደ እርሳስ ወይም እንደ ካድሚየም ፖዘቲቭ አዮን ሆኖ አይገኝም። ከኦክስጅን ጋር ተጣምሮ ኔጋቲቭ አዮን ይሆናል፤ በአሲዳማ ውሃ ውስጥ በአብዛኛው ባይክሮሜት፣ በአልካሊ ውሃ ውስጥ ደግሞ ክሮሜት ሆኖ ይኖራል። የካርቦኑ ገጽ በበኩሉ እንደ ውሃው ፒኤች ቻርጁን ይቀያይራል። ቻርጁ ዜሮ ከሚሆንበት ፒኤች በታች ገጹ ፕሮቶን ተሸክሞ ፖዘቲቭ ይሆናል፤ ከዚያ በላይ ሲወጣ ፕሮቶኑን እየለቀቀ ኔጋቲቭ ይሆናል። ስለዚህ ፒኤች 2 ላይ ፖዘቲቩ ገጽ ኔጋቲቩን ክሮሚየም ይስባል፤ ፒኤች 7 ላይ ግን ሁለቱም ኔጋቲቭ ስለሚሆኑ ይገፋፋሉ። ይህ በየጥናቱ የሚሰጠው ማብራሪያ ነው፤ ትክክልም ነው፤ ነገር ግን ግማሹን ታሪክ ብቻ ይናገራል።

ሌላው ግማሽ ይህ ነው። ክሮሚየም ስድስት በአሲድ ውስጥ እጅግ ጠንካራ ኦክሲዳይዘር (ኤሌክትሮን ነጣቂ) ነው። የቆረቆንዳው ሴሉሎስ፣ ሄሚሴሉሎስና ሊግኒን ደግሞ፣ በ450 ዲግሪ ተቃጥሎም ቢሆን፣ ኤሌክትሮን ሊሰጡ የሚችሉ የሃይድሮክሲልና የፌኖል ቡድኖች ይተርፉታል። እነዚህ ሲገናኙ ክሮሚየም ስድስት ሦስት ኤሌክትሮን ተቀብሎ ወደ ክሮሚየም ሦስት ይለወጣል። ክሮሚየም ሦስት ፖዘቲቭ አዮን ነው፤ ፒኤች 2 ላይ ያለው ፖዘቲቭ ገጽ ደግሞ እርሱን ይገፋዋል። ስለዚህ ተመልሶ ውሃው ውስጥ ይቀራል።

አሁን ወደ አለካክዎ ልምጣ። ዲፌኒልካርባዛይድ ሐምራዊ የሚሆነው ከክሮሚየም ስድስት ጋር ብቻ ነው። ክሮሚየም ሦስትን አያየውም። ስለዚህ መሣሪያው «97 በመቶ የለም» ሲልዎት የነገረዎት ክሮሚየም ስድስት እንደሌለ ብቻ ነው፤ ክሮሚየሙ ከውሃው ወጥቶ ካርቦኑ ላይ መቀመጡን አልነገረዎትም። ያንኑ የተጣራ ናሙና በአቶሚክ አብዞርፕሽን መሣሪያ አስለክተው ጠቅላላውን ክሮሚየም ይዩ፤ የሁለቱ ልዩነት የክሮሚየም ሦስት መጠን ነው።

መሣሪያውን እስኪያገኙ ድረስ የሚረዳ ትንሽ ምልክትም አለ። አንድ ባይክሮሜት ወደ ክሮሚየም ሦስት ሲለወጥ 7 ፕሮቶን ይወስዳል፤ የቆረቆንዳው ኦርጋኒክ ክፍል ሲኦክሲዳይዝ ከፊሉን ይመልሳል፤ ቢሆንም ሒሳቡ ወደ ፍጆታው ያደላል። ስለዚህ ከሙከራው በኋላ ፒኤቹን መልሰው ይለኩ። ከፍ ብሎ ካገኙት፣ ካርቦኑን በዲስቲልድ ውሃና በተመሳሳይ አሲድ ብቻ ካስቀመጡበት የመቆጣጠሪያ ናሙና ጋር ያነጻጽሩት። መነሻውን ፒኤች ብቻ ጽፎ መጨረሻውን መተው በተማሪዎቼ ሥራ ላይ በተደጋጋሚ የማየው ጉድለት ነው።

ቀመር ወዳጅ

ስለ 0.999ኙ አንድ ነገር ልጨምር፤ ምክንያቱም ይህ ቁጥር ብዙ ሰው ያሳስታል።

የሁለተኛ ደረጃው አምሳያ በቀጥታ መስመር ሲሳል በአግድሙ ዘንግ ላይ ጊዜ ይቀመጣል፤ በቋሚው ዘንግ ላይ ደግሞ ጊዜ ለተለጠፈው መጠን ተካፍሎ ይቀመጣል። ጊዜ በሁለቱም ዘንጎች ላይ እንዳለ ልብ ይበሉ። ሙከራው ሚዛን ላይ ከደረሰ በኋላ የተለጠፈው መጠን አይለወጥም፤ ስለዚህ ያኔ የሚሳለው ጊዜ ለአንድ ቋሚ ቁጥር ሲካፈል የሚወጣው ነው፤ ጊዜን ከራሱ ጋር ማነጻጸር ማለት ነው። እንዲህ ያለ ሥዕል ምን ቢሆን ቀጥ ያለ መስመር ይወጣዋል። በ30፣ በ60፣ በ90 እና በ120 ደቂቃ ብቻ ናሙና የወሰደ ሰው፣ ቁሱ በ20 ደቂቃ ጠግቦ ከነበረ፣ ስለ ፍጥነቱ አንድም መረጃ ሳይኖረው 0.999 ያገኛል።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። በመጀመሪያዎቹ 15 ደቂቃዎች ውስጥ በርከት ያሉ ናሙናዎች ይውሰዱ፤ ከዚያም አምሳያውን ወደ ቀጥታ መስመር ሳይለውጡ በኩርባነቱ ከመረጃው ጋር ያዛምዱት። ደግሞም መምህር እንዳሉት ቁሱ እየለጠፈም እየለወጠም ከሆነ፣ የሚለኩት ፍጥነት የሁለት የተለያዩ ሒደቶች ድምር ነው፤ በአንድ ቀመር ተዛመደ ማለት ሒደቱ ታወቀ ማለት አይደለም። «ውጤቱ ሁለተኛ ደረጃውን ስለተከተለ ትስስሩ ኬሚካዊ ነው» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ከረቂቅዎ ውስጥ ካለ እባክዎ ያውጡት።

ስለ አይሶተርምም (በውሃው ውስጥ በቀረውና በካርቦኑ ላይ በተያዘው መጠን መካከል ስላለው ግንኙነት) ተመሳሳይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ላንግሚየር የተባለው ኬሚስት በ1918 እ.ኤ.አ. ቀመሩን ያወጣው ጋዝ በመስታወት፣ በሚካና በፕላቲነም ጠፍጣፋ ገጽ ላይ እንዴት እንደሚቀመጥ ለማስረዳት ነበር፤ ሁሉም መቀመጫ እኩል እንደሆነ፣ አንድ መቀመጫም አንድ እንግዳ ብቻ እንደሚይዝ ይገምታል። የቆረቆንዳ ካርቦን ገጽ ግን ከ2 ናኖሜትር የሚያንሱ ቀዳዳዎች፣ ከዚያ የሚሰፉ መተላለፊያዎችና ልዩ ልዩ ኬሚካዊ ቡድኖች የተቀላቀሉበት ነው። ቀመሩን መጠቀም ይቻላል፤ ሁላችንም እንጠቀምበታለን። የሚያስፈራኝ ቁጥሩ ሲገጥም ገጹ አንድ ወጥ ነው ብሎ መደምደም ነው።

የውሃ ማጣሪያ ባለሙያ

እኔ ከላቦራቶሪ ይልቅ ከቧንቧና ከታንከር ጋር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ስለዚህ ጥያቄዎቼ ከዚያ ወገን ናቸው።

አንደኛ፣ 97 በመቶ የሚለው ለእኔ ውሃው ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። የቀረው 1.5 ሚሊግራም በሊትር ነው ብለዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው የጠቅላላ ክሮሚየም መጠን 0.05 ሚሊግራም በሊትር ነው። የቀረው ከዚህ 30 እጥፍ ይበልጣል፤ መምህር የጠረጠሩትን ክሮሚየም ሦስት ሳይጨምር ማለት ነው። ፍሳሹ ለመጠጥ እንደማይውል አውቃለሁ፤ ሆኖም መቶኛው ብቻውን ምን ያህል እንደሚያታልል ለማሳየት ነው።

ሁለተኛ፣ መቶኛውን ከካርቦኑ መጠን ለይቶ መናገር አይቻልም። በ100 ሚሊሊትር ውሃ ውስጥ 0.5 ግራም አድርገው ከ50 ወደ 5 ሚሊግራም በሊትር ቢያወርዱ 90 በመቶ ነው፤ እያንዳንዱ ግራም የያዘው ግን 9 ሚሊግራም ብቻ ነው። በ0.1 ግራም ከ50 ወደ 25 ቢያወርዱ 50 በመቶ ብቻ ይባላል፤ እያንዳንዱ ግራም ግን 25 ሚሊግራም ይዟል። ካርቦን በማብዛት የፈለጉትን መቶኛ ማግኘት ይቻላል። ስለዚህ ሁለቱንም ይጻፉ።

ሦስተኛውና ዋናው ይህ ነው። በጥናቶች መጨረሻ ላይ «ከፍተኛው አቅም 50 ሚሊግራም በግራም» የሚል ቁጥር እናያለን። ይህ ቁጥር የሚገኘው ውሃው በበካዩ ሲሞላ ነው። የምናክመው ውሃ ግን ብዙ ጊዜ በጣም የቀጠነ ነው። በምሳሌ ላስላው። አንድ ካርቦን በላንግሚየር አቅሙ 50 ሚሊግራም በግራም፣ የትስስር ቋሚው (በካዩን ምን ያህል አጥብቆ እንደሚስብ የሚያሳየው ቁጥር) ደግሞ 0.1 ሊትር በሚሊግራም ይሁን። 1000 ሊትር ውሃ ውስጥ ያለውን እርሳስ ከ0.1 ወደ 0.01 ሚሊግራም በሊትር ማውረድ እንፈልጋለን እንበል። የሚወገደው በጠቅላላው 90 ሚሊግራም ነው። 90ን ለ50 ያካፈለ ሰው 1.8 ግራም ካርቦን ይበቃኛል ይላል። ነገር ግን ውሃው 0.01 ላይ ሲደርስ ካርቦኑ ሊይዝ የሚችለው በግራም 0.05 ሚሊግራም ገደማ ብቻ ነው፤ ስለዚህ በታንከር ውስጥ አማስለን ብንሠራው የሚያስፈልገን 1.8 ኪሎግራም ነው። አንድ ሺህ እጥፍ ልዩነት ነው። ያንኑ ካርቦን በአምድ (በቆመ ቧንቧ) ውስጥ ሞልተን ውሃውን ብናሳልፍበት ደግሞ ከመግቢያው በኩል ያለው ካርቦን ከ0.1 ሚሊግራሙ ውሃ ጋር ስለሚመጣጠን በግራም 0.5 ሚሊግራም ገደማ ይይዛል፤ ፍላጎቱም በጥሩ ሁኔታ ወደ 180 ግራም ይወርዳል። አምድ ከማማሰያ ታንከር የሚሻለው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለዚህ እባክዎ አይሶተርምዎን ከ50 እስከ 500 ባለው ጎራ ብቻ አይሥሩት። የሚለቀቀው ውሃ ሊደርስበት ከሚገባው መጠን አጠገብም ነጥቦች ይኑሩ።

የብርቱካን ልጣጭ

እኔ ከብርቱካን ልጣጭና ከሩዝ ገለፈት በተሠራ ባዮቻር (የዕፅዋት ከሰል) እርሳስን ስለካ ሁለት ወር ያባከነብኝን ስሕተት ላካፍል፤ ለሌሎች ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

ባዮቻሩ ሳይታጠብ ውሃ ውስጥ ሲገባ አመዱ ፒኤቹን ከፍ ያደርገዋል። እርሳስ ደግሞ ፒኤቹ ከ6 አካባቢ ሲያልፍ በሃይድሮክሳይድና በካርቦኔት መልክ መዝቀጥ ይጀምራል። መነሻ ፒኤቹን 5 ላይ አድርጌ ነበር፤ በመጨረሻ ስለካው 7.4 ሆኖ ተገኘ። ዝቃጩን ከባዮቻሩ ጋር አብሬ አጣርቼ «ተለጥፏል» ብዬ ቆጥሬዋለሁ። አድሶርበንቱ የሠራው የኖራ ሥራ፣ ማለትም ማዝቀጥ፣ ነበር።

ሁለተኛው ስሕተት የማጣሪያው ወረቀት ነው። ይህን ያወቅሁት በሜቲሊን ብሉ (ሰማያዊ ማቅለሚያ) ስሞክር ነው። አድሶርበንት የሌለበትን መፍትሔ በወረቀት ሳሳልፈው ወረቀቱ ራሱ ሰማያዊ ሆኖ ቀረ፤ የወጣው ውሃ ደግሞ ከገባው ይልቅ ፈዝዞ ነበር። የማጣሪያ ወረቀት ሴሉሎስ ነው፤ የእኛ ገለፈትና ልጣጭም ሴሉሎስ ነው። ቀለሙ የሚለይበት ምክንያት የለውም። ከዚያ ወዲህ ናሙናዬን የማጣራው በሴንትሪፊውጅ ነው፤ አድሶርበንት የሌለበት መቆጣጠሪያም ሁልጊዜ አብሮ ይሄዳል።

ለእህታችን በተለይ የምለው፣ በፎስፎሪክ አሲድ የተሠራ ካርቦን በሚገባ ካልታጠበ ፎስፌት ይለቃል። ለክሮሚየም ያን ያህል ላያሳስብ ይችላል፤ ካርቦኑን በእርሳስ ላይም ልሞክረው ካሉ ግን የእርሳስ ፎስፌት እጅግ የማይሟሟ ስለሆነ የዝቃጩን ሥራ ለካርቦኑ እንዳይሰጡት።

አዲስ ገቢ

ይቅርታ፣ ለሙያው እንግዳ ነኝ። በዚሁ መንገድ ፍሎራይድና ናይትሬትንስ ማውጣት ይቻላል? ደግሞስ ልጣጩን ሳናቃጥል እንዲሁ አድርቀን ፈጭተን ብንጠቀምበት አይሻልም ወይ? እሳቱም አሲዱም ይቀራል።

የኬሚስትሪ መምህር

ጥሩ ጥያቄዎች ናቸው። ፍሎራይድና ናይትሬት ኔጋቲቭ አዮኖች ናቸው፤ የዕፅዋት ቁስ ገጽ ደግሞ በተለመደው የውሃ ፒኤች ባብዛኛው ኔጋቲቭ ስለሆነ እንዲሁ ቢሞከር ውጤቱ ደካማ ነው። ለፍሎራይድ ገጹ ላይ እንደ አሉሚኒየም ያለ ብረት መጫን ያስፈልጋል፤ ወይም ከዕፅዋት ወጥቶ ወደ አጥንት ከሰል መሄድ ይሻላል፤ ምክንያቱም የአጥንቱ ካልሲየም ፎስፌት ፍሎራይድን ስለሚይዝ። ለናይትሬት ደግሞ ገጹን በአሚን ቡድኖች መለወጥ የተለመደ መንገድ ነው።

ያልተቃጠለ ቁስ ለእርሳስ፣ ለመዳብና ለፖዘቲቭ ቀለሞች ይሠራል፤ የካርቦክሲል ቡድኖቹ ስላልጠፉ አንዳንዴ ከተቃጠለው ይበልጣል። ችግሩ ከራሱ የሚለቀው ነው። ጥሬ ልጣጭ ስኳር፣ ታኒንና ፔክቲን ወደ ውሃው ያፈስሳል፤ ብረቱን አውጥተን በምትኩ ኦርጋኒክ ጭነት እንጨምርበታለን። ዲስቲልድ ውሃ ውስጥ ልጣጩን ብቻ ጨምረው ለአንድ ቀን ያስቀምጡት፤ ውሃው ሻይ መስሎ ያገኙታል።

የውሃ ማጣሪያ ባለሙያ

መምህር ባሉት ላይ ከመስክ የማውቀውን ልጨምር። ጥሬ ቁስ በአምድ ውስጥ ውሃ እየጠጣ ያብጣል፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ባክቴሪያ ይበላዋል፤ መሽተትም ይጀምራል። በሠራሁበት አንድ ቦታ ሰጋቱራ የሞላንበት አምድ በሁለተኛው ሳምንት ውሃ አላሳልፍ አለ። ስንከፍተው መሐሉ እንደ ጭቃ ተጣብቆ፣ ውሃው በግድግዳው ጠርዝ በኩል ብቻ መንገድ አበጅቶ ይወርድ ነበር። ይህ ማለት የታከመ የመሰለን ውሃ አድሶርበንቱን ሳይነካ አልፎ ነበር ማለት ነው።

የተማሪዋ ካርቦን ዱቄት ከሆነ በአምድ ውስጥ ተመሳሳይ ነገር ይገጥመዋል። ዱቄት ፈጥኖ ይለጥፋል፤ ውሃ ግን አያሳልፍም። ከ0.5 እስከ 1 ሚሊሜትር የሆነ ጥራጥሬ ለሙከራ አምድ ይመቻል፤ ፍጥነቱ ግን ይቀንሳል፤ ምክንያቱም በካዩ ወደ ጥራጥሬው እምብርት ለመግባት ረጅም መንገድ ይጠብቀዋል። ስለዚህ በዱቄት ያገኙትን ሁለት ሰዓት ይዘው አምድ አይንደፉ፤ በጥራጥሬው ይድገሙት። ጥራጥሬው በውሃ ሲንገላታ እንዳይፈረካከስ ጥንካሬውንም ይመልከቱ። የኮኮናት ቅርፊት ካርቦን በማጣሪያዎች ውስጥ የሚወደደው ቀዳዳው ብዙ ስለሆነ ብቻ ሳይሆን ጠንካራም ስለሆነ ነው። ቆረቆንዳ ልል ነው።

በእውነተኛ ፍሳሽ ውስጥ ደግሞ ክሮሚየሙ ብቻውን አይመጣም። ሰልፌትና ክሎራይድ በብዛት አብረውት ይመጣሉ፤ ለዚያው ፖዘቲቭ ገጽ ይሻማሉ። በዲስቲልድ ውሃ የተገኘ ውጤት በፍሳሽ ላይ ሲደገም አቅሙ ቢወርድ አይደንግጡ፤ የወረደውን ቁጥር ይጻፉት እንጂ።

የአካባቢ ጥበቃ

እስካሁን ማንም ያላነሳው ጥያቄ አለ። ክሮሚየሙን የያዘው ካርቦን ከዚያ በኋላ የት ይሄዳል?

አድሶርፕሽን (በገጽ ላይ መለጠፍ) በካዩን አያጠፋም፤ ከውሃ ወደ ጠጣር ያዛውረዋል። በርካታ ጥናቶች ካርቦኑን በ0.1 ሞላር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ አጥበው አምስት ጊዜ እንደተጠቀሙበት ይጽፋሉ፤ ሆኖም የታጠበበት ፈሳሽ አሁን ከመጀመሪያው ፍሳሽ የበለጠ የተከማቸ ክሮሚየም ይዟል፤ ስለ እርሱ አንድም መስመር አይጻፍም። እናቃጥለው የሚልም ይኖራል። ክሮሚየም ሦስት አልካሊ አመድ ባለበት በአየር ውስጥ ሲግል ተመልሶ ወደ ክሮሚየም ስድስት ሊለወጥ እንደሚችል ማወቅ ይገባል፤ ያን ጊዜ ውሃ ውስጥ የነበረውን መርዝ አመድ ላይ እናገኘዋለን። መሬት ውስጥ ቢቀበርም የማንጋኒዝ ኦክሳይድ ያለበት አፈር ተመሳሳይ ለውጥ ሊያመጣ ይችላል።

ስለዚህ ጥናቱ ውስጥ ቢያንስ የመልቀቅ ሙከራ ይግባ፤ የጠገበውን ካርቦን በደካማ አሲድ ውሃ ለአንድ ቀን እያንቀጠቀጡ ምን ያህል እንደሚለቅ መለካት ማለት ነው።

አንድ ሌላም አለኝ። እነዚህ ቁሶች ሁልጊዜ «ርካሽ» ተብለው ይገለጻሉ፤ ምክንያቱም ቆረቆንዳው ተጥሎ የሚገኝ ነው። አሲዱ፣ የእቶኑ ኃይልና የማጠቢያው ውሃ ግን ተጥለው አይገኙም። ተማሪዋ፣ አንድ ጊዜ ለማምረት ምን ያህል ውሃ እንደፈጀብዎት መዝግበው ነበር?

ተማሪዋ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ለሦስት ሳምንታት ዝም ያልኩት የነገራችሁኝን እስክሠራ ነው።

በመጀመሪያ ጠቅላላውን ክሮሚየም በአቶሚክ አብዞርፕሽን አስለካሁ። መምህር የጠረጠሩት ትክክል ነበር። 97 በመቶ ባልኩበት ናሙና ውስጥ 14 ሚሊግራም በሊትር ጠቅላላ ክሮሚየም አለ። ክሮሚየም ስድስቱ 1.5 ስለሆነ፣ 12.5 ያህሉ ወደ ክሮሚየም ሦስት ተለውጦ ውሃው ውስጥ ቀርቷል። ካርቦኑ በእርግጥ የያዘው 36ቱን ብቻ ነው፤ ይህም 72 በመቶ ነው፤ በግራም ሲሰላም 9.7 ሚሊግራም ብዬ የጻፍኩት ወደ 7.2 ይወርዳል። ፒኤቹም ከመቆጣጠሪያው ናሙና በልጦ ተገኝቷል። ቀለሙ የጠፋው ክሮሚየሙ ስለወጣ ይመስለኝ ነበር፤ ክሮሚየም ሦስት በዚህ መጠን በዓይን እንደማይታይ አላሰብኩትም ነበር።

ሁለተኛ፣ ኪኔቲክሱን በ1፣ በ2፣ በ4፣ በ7፣ በ10 እና በ15 ደቂቃ ናሙና እየወሰድኩ ደገምኩት። ክሮሚየም ስድስቱ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች በፍጥነት ይወርዳል፤ ከዚያ በኋላ እጅግ በዝግታ መቀነሱን ይቀጥላል፤ በዚያው የዝግታ ክፍል ክሮሚየም ሦስቱ እየጨመረ ይሄዳል። አንድ ቀመር ሁለቱንም አይገልጻቸውም፤ ስለዚህ ሁለቱን ኩርባዎች ለየብቻ አቅርቤአቸዋለሁ።

ስለ ማጠቢያው ውሃ የጠየቁኝን ቆጥሬዋለሁ፤ ለ20 ግራም ካርቦን 6 ሊትር ሆኗል። የመጀመሪያዎቹ እጣቢዎች አሲዳማ ስለሆኑ ለሚቀጥለው ቆረቆንዳ መዘፍዘፊያ ልጠቀምባቸው እየሞከርኩ ነው።

የኬሚስትሪ መምህር

72 በመቶው ከ97ቱ ይልቅ ዋጋ ያለው ውጤት ነው፤ ምን እየሆነ እንደሆነ ይናገራልና። ደግሞም ለውጡን እንደ ጉድለት ብቻ አይዩት። ክሮሚየም ስድስት ካንሰር አምጪ ሲሆን ክሮሚየም ሦስት መርዛማነቱ እጅግ ያነሰ ነው፤ ከዚህም በላይ ፒኤቹ ወደ 8 ሲወጣ ክሮሚየም ሦስት በሃይድሮክሳይድ መልክ ይዘቅጣል፤ ክሮሚየም ስድስት ግን እንዲህ አይዘቅጥም። ስለዚህ ሥራውን በሁለት ደረጃ ያስቡት፤ መጀመሪያ በአሲድ ውስጥ ከካርቦኑ ጋር ማቆየት፣ ቀጥሎ ካርቦኑን ለይቶ ፒኤቹን ማንሳትና ዝቃጩን ማጥለል። የመጀመሪያውን ደረጃ ግን ክሮሚየም ስድስቱ እስኪያልቅ ድረስ ያርዝሙት፤ ፒኤቹን ካነሱ በኋላ የቀረውን የሚያወጣው ነገር አይኖርም።

የውሃ ማጣሪያ ባለሙያ

ፒኤቹን ሲያነሱ ከ9 እንዳያልፍ፤ ከዚያ በላይ ዝቃጩ መልሶ መሟሟት ይጀምራል። ቀስ እያሉ ይጨምሩ፤ ዝቃጩ እንዲሰባሰብም ግማሽ ሰዓት ያህል በዝግታ ያማስሉት። በችኮላ የተሠራ ዝቃጭ ማጣሪያ ይደፍናል።

ተማሪዋ

እንዳላችሁት አድርጌዋለሁ። በካርቦኑ ላይ የማቆያ ጊዜውን ከሁለት ሰዓት ወደ አንድ ቀን አራዘምኩት፤ ክሮሚየም ስድስቱ መሣሪያዬ ሊለካው ከሚችለው በታች ወረደ። ካርቦኑን በሴንትሪፊውጅ ከለየሁ በኋላ ፒኤቹን ቀስ በቀስ ወደ 8 ሳነሳው ጥርት ብሎ የነበረው ውሃ መጀመሪያ ደፈረሰ፤ ከዚያም ግራጫ የተቀላቀለበት አረንጓዴ ዝቃጭ እንደ ጭጋግ እየተሰባሰበ ወደ ቢከሩ ሥር ወረደ። «ተወግዷል» ብዬ የጻፍኩትን ክሮሚየም በዓይኔ ያየሁት ያኔ ነው።

የቀረው የመልቀቅ ሙከራውና በእውነተኛው ፍሳሽ መድገሙ ነው፤ ጥራጥሬውንም ከ0.5 እስከ 1 ሚሊሜትር ባለው ወንፊት ለይቼ አዘጋጅቻለሁ። በረቂቄ ውስጥ «የተወገደ ክሮሚየም በመቶኛ» የሚለውን የሠንጠረዥ አምድ ሰርዤ በሦስት ተክቼዋለሁ፤ በካርቦኑ ላይ የተያዘ፣ ወደ ክሮሚየም ሦስት ተለውጦ በውሃው የቀረ፣ እንዲሁም ያልተለወጠ ክሮሚየም ስድስት። የሦስቱ ድምር ከመነሻው 50 ሚሊግራም በሊትር ጋር በምን ያህል እንደሚለያይ የሚያሳይ አራተኛ አምድም ጨምሬበታለሁ፤ የተያዘውን ከልዩነት ከማስላት ይልቅ ከካርቦኑ ላይ በአሲድ አሟሙቼ በቀጥታ እለካዋለሁ።